ቀዩ አሸዋ ላይ በእግር ውጡ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው ሜልበርን ነው። በጁላይ የትምህርት ቤት እረፍት አውትባክ (ወደ አውስትራሊያ መሀል ያለው ደረቅ ገጠር) ወርደን ያንን ቀዩን የአሸዋ ኮረብታ ማየት እንፈልጋለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን (14፣ 11 እና 6 ዓመት) እና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው የ68 ዓመት እናቴ ነን። ጓደኛዬ ላንድክሩዘር አለው፤ ‹ሲምፕሰን በረሃን ከዳር እስከ ዳር እናቋርጠው› ይላል። የእኔ መኪና ራቭ ፎር ነው። አሸዋ ላይ ነድቼ አላውቅም። እንሂድ? ምን እንያዝ? አሸዋውስ እንዴት ነው የሚወጣው?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሂዱ። ግን አታቋርጡ። ዋናው መልሴ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንደዚያ እንዳልኩና እዚያ ደርሳችሁ ምን እንደምታደርጉ ነው።

እኔ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሰዎችን አሸዋ ላይ መንዳት አስተምራለሁ። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ደግሞ ቡድን እየመራሁ ሲምፕሰን እገባለሁ። ከወገኖቻችን የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ መኪና ነው። ስለ መኪናው በደንብ እመልስልሃለሁ። ግን መኪናው እዚያ ድረስ ማድረሻ ነው። አሸዋውን የምታየው ከመኪናው ወርደህ ነው። እባክህ ይህን ከአሁኑ ያዝልኝ።

መጀመሪያ የጓደኛህን ሐሳብ እንየው። ሲምፕሰን በሦስት ግዛቶች ላይ ያረፈ በረሃ ነው፤ በደቡብ አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድና በኖርዘርን ቴሪቶሪ። ስፋቱ 176,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከ1,100 በላይ የአሸዋ ክምሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ክምር 200 ኪሎሜትር ድረስ ይዘልቃል። የታረሰ ማሳ አስብ። ትልሙ ግን ከቤት የሚበልጥ ነው። አንተ ደግሞ ትልሙን ተከትለህ አይደለም የምትሄደው፤ አግድም ነው የምታቋርጠው። አንዱን ወጥተህ ወርደህ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል።

በምዕራብ ካለው ማውንት ዴር እስከ ምሥራቁ በርድስቪል ከ500 ኪሎሜትር በላይ ነው። በመሀል ማደያ የለም። የሞባይል ኔትወርክ የለም። ብዙ ሰው አራት አምስት ቀን ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ክምሮች በደስታ ትወጣለህ። ሦስት መቶኛው ላይ ግን ትንሹ ልጅህ ያስመልሰዋል፣ እናትህ ወገባቸውን ይይዛሉ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አሸዋ ላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው ሕፃንና አዛውንት ይዞ፣ በአንድ መኪና የሚገባበት መንገድ አይደለም። ራቭ ፎሩማ ጨርሶ አይታሰብም። ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው፣ ሎው ሬንጅም (ለከባድ መንገድ የሚገባው ዝቅተኛ ማርሽ) የለውም።

ደስ የሚለው ነገር ግን የበረሃው ታዋቂው ክምር ያለው ዳር ላይ ነው። ቢግ ሬድ ይባላል። ከበርድስቪል በስተምዕራብ 35 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ነው። የሲምፕሰን ክምሮች በምዕራብ በኩል ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ እያደጉ ይመጣሉ። ስለዚህ ከበርድስቪል በኩል የመጣ ሰው ትልቁን መጀመሪያ ያገኘዋል። ከአናቱ ሆነህ ወደ ምዕራብ ስታይ የቀሩት ክምሮች ተራ በተራ እየደበዘዙ ሲሄዱ ይታይሃል። በረሃውን ማቋረጥ ከዚህ የተለየ እይታ አይሰጥህም። የሚጨምርልህ ድካም ነው።

መንገዱን ላስላልህ። ከሜልበርን በአደሌድ ወይም በብሮክን ሂል አድርገህ ማሪ የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳለህ። ከማሪ እስከ በርድስቪል ያለው በርድስቪል ትራክ ይባላል፤ 517 ኪሎሜትር ነው፣ ጠጠር መንገድ። በመሀል ማንገራኒ የምትባል ቦታ ነዳጅ አለ። በድምሩ ከቤትህ 2,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ልጆች ይዘህ አራት ቀን ያዝለት፣ ለመመለሻም አራት። በርድስቪል መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከ1884 ጀምሮ ያለ ሆቴል አላት፣ ነዳጅ አላት፣ ክሊኒክ አላት፣ የግመል ሥጋ በካሪ የሚሸጥ ዳቦ ቤት አላት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በጁላይ መጀመሪያ በቢግ ሬድ ግርጌ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል የሚካሄድበት ዓመት ከሆነ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፋል። ያን ሳምንት ሽሹት፣ ወይም ማደሪያ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

በርድስቪል ትራክ ላይ ያለው ድንጋይ ስለታም ነው። ጎማ ይበላል። ሁለት ስኮርታ ያስፈልጋል። ሲደርቅ ራቭ ፎርም በጥንቃቄ ያልፋል የሚሉህ ሰዎች አሉ፤ ሲያልፍም አይቻለሁ። እኔ ግን ቤተሰቤን ይዤ አልሞክረውም። ሁላችሁም ከፍ ባሉ ሁለት መኪናዎች ሂዱ። አንዱ የጓደኛህ ላንድክሩዘር ነው። ሁለተኛውን ልትከራይ ካሰብክ ውሉን መስመር በመስመር አንብብ። ብዙ ኪራይ ቤቶች ከአስፋልት መውጣት ይከለክላሉ፤ ሲምፕሰንን በስም ጠርተው የሚከለክሉም አሉ። ከተከለከለ መንገድ ላይ የተሰበረ መኪና ኢንሹራንስ አይነካውም። መጎተቻው ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቅሃል።

ሁለተኛ መኪና ካልተገኘ ወይም ያላችሁ ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ አትዘን። ሜልበርን ላለ ሰው ቅርብ የሆነ ቀይ አሸዋ አለ። ወደ ሚልዱራ ውጣ፤ 540 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ሁሉም አስፋልት። ከሚልዱራ 30 ኪሎሜትር አልፈህ ዌንትዎርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎሜትሮች ወጣ እንዳልክ ፔሪ ሳንድሂልስ የሚባሉ ብርቱካናማ ቀይ ክምሮች ታገኛለህ። ራቭ ፎሩ በሰላም ይደርሳል። እናትህ ከመኪናው ወርደው ጥቂት እርምጃ ሄደው አሸዋውን በእጃቸው ይዘግኑታል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ይንሸራተታሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ ፔሪን ከቢግ ሬድ ለይቶ አያየውም።

ከዚያው ከሚልዱራ 110 ኪሎሜትር ገደማ ርቆ ሙንጎ ብሔራዊ ፓርክ አለ። መንገዱ በከፊል አፈር ስለሆነ ከዘነበ አትሞክረው። ደርቆ የቀረ ጥንታዊ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ላይ ንፋስ ያከማቸው የአሸዋና የሸክላ ግድግዳ ቆሟል። በ1968 የአንዲት ሴት፣ በ1974 ደግሞ የአንድ ወንድ አጽም እዚያ ተገኝቷል። ዕድሜያቸው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ሉሲን ሙዚየም ሄደው ላዩት እናትህ ይህን ስትነግራቸው ቦታውን በሌላ ዓይን ያዩታል። ግድግዳው ላይ ግን ያለ አስጎብኚ መውጣት አይፈቀድም። ከአቦሪጂን (ከአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች) አስጎብኚዎች ጋር ሂዱ፤ ታሪኩን ከባለቤቶቹ ትሰማላችሁ።

አሁን ሁለት መኪና ተገኝቶ ቢግ ሬድ ትሄዳላችሁ እንበል።

ጁላይን መምረጣችሁ ትክክል ነው። በዚህ አገር ክረምት፣ ማለትም የብርድ ወቅት ነው፤ ቀን 20 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ሌሊቱ ግን ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ሰው «በረሃ» ሲባል ሙቀት ብቻ ያስባል፣ ከዚያ ልጆቹን በቲሸርት ይዞ ይመጣል። ጋቢ ያዙ። ቀልዴን አይደለም። ንጋት ላይ አሸዋ አናት ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከጋቢ የተሻለ ልብስ አላገኘሁም። በጋውን ግን በጭራሽ አታስቡት። በርድስቪል በዲሴምበር 1972 49.5 ዲግሪ ተመዝግቦባታል። የሲምፕሰን ፓርክም ለዚሁ ሲባል በየዓመቱ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ይዘጋል።

ዝናብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በክምሮቹ መሀል ያለው ሜዳ ሸክላ ነው። ትንሽ ሲዘንብበት ሳሙና ይሆናል። መንገዱ «ዝግ» ከተባለ ዝግ ነው። ቅጣቱ ከባድ ነው፣ የምታበላሸውም የሌላውን ሰው መንገድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊትና በየከተማው ስትደርሱ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ውሃ በሰው በቀን ቢያንስ 7 ሊትር አስብ። በላዩ ላይ የሦስት አራት ቀን መጠባበቂያ ጨምር። ሁሉንም በአንድ በርሜል አታድርገው፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይተርፍላችኋል። ምግቡን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ከማንኛውም የመንገድ ምግብ ይበልጣሉ። አይበላሹም፣ እሳት አይፈልጉም፣ ልጅ ይበላቸዋል። ቡና ማፍላት ከፈለጋችሁ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። እንጨት ከአካባቢው አትልቀሙ። ያ ደረቅ ግንድ የእንሽላሊትና የትናንሽ እንስሳት ቤት ነው።

የሳተላይት ስልክ ተከራይ። ካልሆነ የአደጋ ጊዜ ምልክት የሚልከውን ቢከን ግዛ። ስትጫነው ያለህበትን ቦታ በሳተላይት ለነፍስ አድን ይናገራል። ያለዚህ ከበርድስቪል አትውጣ።

ከዚህ ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ደንብ አለች። በዲሴምበር 1963 ከእንግሊዝ የፈለሰ የአምስት ሰው ቤተሰብ በዚሁ በርድስቪል ትራክ ላይ ነዳጅ አለቀበት። እናት፣ አባትና ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩ። መኪናቸውን ትተው ውሃ ፍለጋ ወጡ። አምስቱም አልተረፉም። እንደ እኛ አገሩን ገና እየተላመዱ የነበሩ ስደተኞች ናቸው። ለዚህ ነው ለማንም ሐበሻ ይህን ሳልነግር የማልለቀው። መኪናህ ቢቆም ከመኪናህ አትራቅ። መኪና ከአውሮፕላን ይታያል፣ ጥላ አለው፣ ውሃህ እዚያ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አይታይም። ይህን ለልጆቹም አስጠናቸው፣ ለ14 ዓመቱ በተለይ።

አሁን ወደ አሸዋው እንምጣ። ቢግ ሬድን በመኪና መውጣት ያለበት የጓደኛህ ላንድክሩዘር ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ ተለማምዶ። የተከራያችሁት ግርጌው ላይ ይቁም።

ዋናው ነገር የጎማ ንፋስ ነው። ከሞተሩ ጉልበት ይበልጣል። ግመል አሸዋ ላይ ሲረግጥ እግሩ ይሰፋል፣ ስለዚህ አይሰምጥም። ጎማም እንደዚያው ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 18 አስተንፍሰው። ጎማው ይለሰልሳል፣ መሬት የሚነካው ገጽ ይረዝማል፣ ክብደቱ ይበተናል። ካልበቃ ወደ 15 አውርደው። ይህን አሸዋው ከመጀመሩ በፊት አድርጉት፤ ከሰመጣችሁ በኋላ አይደለም። መለኪያና የንፋስ ኮምፕሬሰር የግድ ነው፣ ምክንያቱም ስትመለሱ ጠጠሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ትሞላላችሁ። ጎማው በለሰለሰበት ጊዜ በፍጥነት አትታጠፉ፣ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። እኩለ ቀን ላይ፣ በ35 ፒኤስአይ፣ ሰባት ጊዜ ሞከርኩት። በየጊዜው ተጨማሪ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ጉድጓድ እየቆፈርኩ። ስምንተኛው ላይ አንድ አሮጌ መኪና የያዙ ሽማግሌ ቆመው አዩኝ። ምንም ሳይናገሩ ተንበርክከው ከአራቱም ጎማዎቼ ንፋስ አወጡልኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያስተማርኩት ሁሉ ከዚያች ሰዓት የመጣ ነው።

ክምሩን ቀጥ ብለህ ትወጣዋለህ፣ ቀጥ ብለህ ትወርደዋለህ። ጎኑ ላይ መኪና አታዙር። አሸዋ ላይ አግድም የቆመ መኪና ይገለበጣል። ሎው ሬንጅ አስገባ፣ ከታች ፍጥነት ያዝ፣ ሽቅቡ ላይ ነዳጁን እኩል ስጥ፣ አናቱ ጋ ስትደርስ ቀንስ። አቅሙ ካነሰውና ከቆመ ጎማውን አታሽከርክረው። ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ማርሽ አስገባ፣ በመጣህበት ዱካ ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ ውረድ። ሁለተኛ ትሞክራለህ። በሲምፕሰን የክምሮቹ ምሥራቃዊ ጎን ከምዕራቡ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ከበርድስቪል የሚመጣ ሰው የሚገጥመው ይኸው ከባዱ ጎን ነው፣ ስለዚህ አለመሳካቱ አያሳፍርም። ቢግ ሬድ ላይ ከአንድ በላይ መውጫ አለ፤ ቀላሉን ምረጡ።

ከሰመጣችሁ አካፋ አውጡ። ከጎማዎቹ ፊትና ከመኪናው ሆድ ሥር ያለውን አሸዋ ጥረጉ፣ የጎማውን ንፋስ ይበልጥ ቀንሱ፣ ከጎማው ሥር የሚገባውን የፕላስቲክ መረገጫ አስገቡ። አብዛኛው ጊዜ ገመድ አያስፈልግም። ገመድ ካስፈለገ ግን ተጎታች መሳቢያዋ ኳስ ላይ በጭራሽ አታስሩ። ኳሷ ስትበጠስ እንደ ጥይት ነው የምትሄደው፤ በዚህ ሰው ሞቷል። ለመጎተት የተሠራው መንጠቆ ላይ ብቻ እሰሩ፣ የቀረው ሰው ደግሞ ርቆ ይቁም።

አሁን የምነግርህን በጥሞና አንብብልኝ። ለቤተሰብህ የምፈራው ውሃ ጥምን አይደለም። ክረምት ነው፣ ከተማው በ35 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ነው፣ ሌሎች ጎብኚዎች አሉ። የምፈራው የክምሩን አናት ነው። ሽቅብ የሚወጣ ሾፌር አናቱ ጋ ሲደርስ ከፊቱ የሚያየው ሰማይና ኮፈኑን ብቻ ነው። ከወዲያ በኩል የሚመጣ መኪና አያየውም። አናቱ ላይ የተቀመጠ ልጅም አያየውም። አንድ ጊዜ ተማሪዬ እየነዳ ወደ አናቱ ስንቃረብ ከማዶ የመጣ መኪና ከፊታችን ብቅ አለ። በመሀላችን የቀረው አንድ ክንድ ያህል ነበር። ሁለታችንም ባንዲራ ነበረን፤ ሁለታችንም ግን ሬዲዮ ላይ አልተናገርንም።

ለዚህ ነው መኪናው ፊት ላይ ረጅም ዘንግ ተክለን ደማቅ ባንዲራ የምናደርገው። ጫፉ ከመሬት 3.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በሲምፕሰን ፓርክ ውስጥ ግዴታ ነው። ቢግ ሬድ ከፓርኩ ክልል ውጭ ቢሆንም ያለ ባንዲራ አትውጡ። የዩኤችኤፍ ሬዲዮም (ከመኪና ወደ መኪና መነጋገሪያ) ያዙ። በሲምፕሰን ሰው የሚጠቀመው ቻናል 10ን ነው። ከመውጣታችሁ በፊት «ቢግ ሬድ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየወጣን ነው» በሉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ ውጡ።

ልጆቹን በሚመለከት ደግሞ ገና እንደደረሳችሁ የመኪናው ዱካ የት የት እንዳለ በእጅህ አሳያቸው። የሚንሸራተቱት ከዱካው ራቅ ብለው ይሁን፤ ክምሩ ረጅም ነው፣ ቦታ ሞልቷል። አንድ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ አብሯቸው ይሁን። አሸዋው ውስጥ ዋሻ እንዳይቆፍሩም ከልክላቸው። ደረቅ አሸዋ ሳይታሰብ ይደረመሳል፣ የተቀበረ ልጅ ደግሞ በደቂቃዎች ይታፈናል። ለመንሸራተቻ የባሕር ዳርቻ ሰሌዳ ይበቃል።

ይህን ከጨረስን ወደምወደው ነገር ልምጣ።

አንድ ቀን ሁላችሁም ፀሐይ ሳትወጣ ተነሡ። መኪናውን ግርጌው ላይ አቁማችሁ በእግር ውጡ። ሌሊቱን የቀዘቀዘ አሸዋ ጠንከር ይላል፣ እግር አይውጥም። እኩለ ቀን ላይ ያው አሸዋ ይላላና ሁለት ስትራመድ አንዱን ይመልስሃል። ንጋት ላይ ግን ስድስት ዓመት ልጅም ይወጣዋል። ቀጥ ብላችሁ አትውጡ፤ ጠመዝመዝ እያላችሁ፣ ሣር የያዘውን ጎን እየተከተላችሁ። ጫማ አድርጉ። እሾህ አለ፣ ብርዱም እግር ይቆርጣል።

ከዚያ ጎንበስ በሉ። ሌሊት የሆነው ሁሉ አሸዋው ላይ ተጽፏል። የጥንዚዛ ዱካ እንደ ስፌት መርፌ ነጠብጣብ ነው። የእንሽላሊት ዱካ በመሀሉ የጅራት መስመር አለው። የዲንጎ (የአውስትራሊያ የዱር ውሻ) ዱካ እንደ ውሻ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዳንዴ የትንሿ እንስሳ ዱካ መሀል ላይ ድንገት ያበቃል፤ ከጎኑ የክንፍ ምልክት ታያላችሁ። ልጆቹ ራሳቸው ታሪኩን ያወጡታል። ንፋሱ ከተነሣ በኋላ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ጥሩ ንፋስ ባለበት ቀን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሸዋው ባዶ ገጽ ይሆናል።

ልጅህ «ለምን ቀይ ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። እያንዳንዱ ቅንጣት ውስጡ ጥርት ያለ ኳርትዝ ነው። ላዩን የብረት ዝገት በስሱ ለብሶታል። አንድ እፍኝ ወስደህ መዳፍህ ላይ በውሃ ብታሸው ውሃው ቀላ ይላል፣ ቅንጣቱ ግን ቀለሙን ቶሎ አይለቅም። ክምሮቹን የሠራቸው ንፋስ ነው፤ ዛሬ ካለው የበለጠ ደረቅና ነፋሻማ በነበሩ ዘመናት፣ በብዙ አሥር ሺህ ዓመታት ውስጥ። አሁን ጎናቸውን ስፒኒፌክስ የሚባለው ሹል ሣርና ቁጥቋጦ ይዞታል። የሚንቀሳቀሰው አናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪና ከዱካ ወጥቶ ጎኑን ሲያርሰው ያንን ሁሉ ዘመን የያዘውን ሥር ይነቅላል። ከዱካው አትውጡ የምለው ለዚህ ነው።

ንፋሱ ሲነሣ ደግሞ በደረታችሁ ተኙና አሸዋውን ከጎን ተመልከቱት። ቅንጣቶቹ አይበሩም፤ ይዘላሉ። አንዱ ወድቆ ሌላውን ይመታል፣ ያም ይዘላል። አብዛኛው ከጉልበት በታች ነው የሚሄደው። ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው ጭስ ነው። ካሜራ ካላችሁ በዚያ ሰዓት ሌንስ አትቀይሩ።

አገሩ ባዶ እንዳይመስላችሁ። የዋንካንጉሩ ሰዎች በዚህ በረሃ መሀል ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ስሙም ሙንጋ ቲሪ ነው፤ የትልልቅ አሸዋ ኮረብታዎች አገር ማለት ነው። ውሃቸው በክምሮቹ መሀል በእጅ የተቆፈሩ ጠባብ ጉድጓዶች ነበሩ፤ ሚኪሪ ይሏቸዋል። የቦረናን ኤላ ያየ ሰው ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ ይገባዋል። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1900 አካባቢ በረሃውን ለቀው ወጡ። ሲምፕሰን የሚለው ስም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1929 ቦታውን ከአየር ያጠናው የጂኦሎጂ ባለሙያ ሴሲል ማዲጋን ወጪውን በረዳው ሰው ስም ጠራው። በ1936 ቴድ ኮልሰን የሚባል ነጭ በግመል ሲያቋርጠው አብሮት የተጓዘው ፒተር ኤይንስ የሚባል አቦሪጂናዊ ነበር። በ2021 የደቡብ አውስትራሊያው ክፍል ሙንጋ ቲሪ–ሲምፕሰን በረሃ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ 3.6 ሚሊዮን ሄክታር ነው፣ የአገሪቱ ትልቁ ብሔራዊ ፓርክ። ድሮ ለጭነት ወደ አገሩ የመጡት ግመሎች ዘሮች ደግሞ ዛሬ ዱር ገብተው ይኖራሉ። ምናልባት ዱካቸውን ታገኙ ይሆናል። እናትህ የግመል ዱካ አውስትራሊያ ውስጥ ሲያዩ ምን እንደሚሉ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ስለ እናትህ አንድ ነገር ልጨምር። አናቱ ድረስ መውጣት የለባቸውም። ግርጌው ላይ ታጣፊ ወንበር፣ ጋቢና ትኩስ ሻይ አድርጉላቸው። ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ መጀመሪያ አናቱን ነው የሚነካው፤ ከዚያ ቀዩ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ደግሞ ከታች ሲታይ ነው የሚያምረው፤ አናቱ ላይ ያለ ሰው አያየውም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከሚያስፈልጋቸው በላይ የአንድ ሳምንት ጨምራችሁ ያዙ። ሁለት ቦታም ክፈሉት። ኢንሱሊን ካለ ማታ እንዳይበርድ፣ ቀን እንዳይሞቅ ተጠንቀቁ። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ። የጉዞ ኢንሹራንሳቸውም ራቅ ካለ ቦታ በአውሮፕላን ማንሣትን ይሸፍን እንደሆነ አረጋግጡ። ጎብኚ ስለሆኑ ሜዲኬር (የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) የላቸውም፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ዝንብ ይኖራል፤ የፊት መረብ ገዝታችሁ ያዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። እባብ በክረምት ብዙም አይታይም። ቢሆንም ቁጥቋጦ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ።

አሁን ሁለት ነገር ላክልኝ። የላንድክሩዘሩን ሞዴልና የጎማዎቹን ጎን ፎቶ አንሥተህ ላክ፤ ዓይነታቸውንና ስንት ዓመት እንዳስቆጠሩ አይቼ በምን ያህል ንፋስ እንደምትነዱ እነግራችኋለሁ። ስንት ቀን እንዳላችሁም ጻፍልኝ። ከአሥር ቀን በታች ከሆነ መልሴ ፔሪ ሳንድሂልስና ሙንጎ ነው። እዚያም ቢሆን ንጋት ላይ ነው የምትወጡት።